ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሀል

መንዝ ውስጥ ጓሳ ላይ ጉም ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠፋው መንገዱ ነው። ከማኅበረሰቡ ሎጅ በማለዳ ተነሥተን በስተምሥራቅ ወዳለው የገደል አፋፍ የሚወስደውን የእግር መንገድ ይዘን ነበር። ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ኖሮ ጨፌው አጠገብ ስንደርስ መንገዱ ላይ ውኃ ተኝቶበታል። አብረውኝ የነበሩት የጥብቅ ሥፍራው ጠባቂ በርኖሳቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው በዱላቸው ወደ ግራ አመለከቱ።

«በዚህ እንውጣ ልጄ። ጓሳውን እየረገጥክ ና። በመሀል በመሀሉ ያለውን አፈር አትመነው፤ ፍልፈል ቦርቡሮታል።»

ከመንገድ ወጥቶ ጓሳ ላይ መሄድ ጉልበት ይፈትናል። ጓሳ የሚባለው ሣር የሚበቅለው ጉብ ጉብ እያለ ነው። አንዳንዱ ጉብታ ከጉልበት በላይ ይደርሳል። በጉብታዎቹ መካከል ያለው አፈር ልል ስለሆነ እግር ሳይታሰብ እስከ ቁርጭምጭሚት ይገባል። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ትንፋሽም ቶሎ ያጥራል። በዚያ ላይ የተረገጠው ጦስኝ ሽታው ያውዳል። ጅብራው ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጣ መልሶ ይጠፋል። ጠባቂው ከፊት ከፊቴ አንድም ጊዜ ሳይደናቀፉ ይሄዳሉ።

ጭላዳዎቹን ከማየታችን በፊት ድምፃቸውን ሰማን። ብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ሣር ሲነጭ የሚሰማ ድምፅ ነው። ጥቂት ወደፊት ስንሄድ ጉሙ ገለል አለና ተዳፋቱ ላይ የተበተነው መንጋ ታየ። ከመቶ በላይ ይሆናሉ። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን ነፋሱ እያመሰው፣ እናቶች ግልገሎቻቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ ሁሉም መሬት ላይ ተቀምጠው ሣሩን በጣታቸው እየለቀሙ ይበላሉ። የፊታቸው ሲያልቅ ብድግ ሳይሉ በመቀመጫቸው ሸርተት ብለው ወደ አዲሱ ያልፋሉ። ለእኛ ደንታም አልሰጡን።

ከመካከላቸው አንድ ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ጋሼ፣ ውሻ ገባባቸው?»

«ውሻ ቢሆን ይኼኔ አንዱንም እዚህ አታገኘውም። ቀይ ቀበሮ ነው። ቁጭ በል፤ ቁጭ ብለህ እይ።»

ቁጭ አልኩ። እውነትም ቀይ ቀበሮ ነው። ቀለሙ ከሸክላ አፈር የደመቀ ቀይ ሲሆን ጉሮሮው፣ ደረቱና የጆሮው ውስጥ ነጭ ነው። እግሮቹ ረጃጅም፣ አፍንጫው ቀጭንና ሹል፣ ጅራቱ ጸጉራም ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው። ከአንዲት ግልገል ካዘለች ጭላዳ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ አለፈ፤ እናቲቱ ቀና ብላ አየችውና ወደ ሣሯ ተመለሰች። እሱም አላያትም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ በመካከላቸው እየተጠማዘዘ በዝግታ ይሄዳል። ሳይሮጥም ሳይሸሸግም በመንጋው ውስጥ ያልፋል።

ድንገት ቆመ። ሁለቱ ጆሮዎቹ ወደ ፊት ተቀሰሩ፤ አንዱን የፊት እግሩን ከመሬት አንሥቶ ያዘ። ራሱን ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ከዚያ ወደ ግራ ዘንበል አደረገ። ከሣሩ ሥር የሚሰማውን እየለካ ነው። ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ ሽቅብ ዘለለና ሁለቱን የፊት እግሮቹን አጋጥሞ አንዱ ጓሳ ላይ አረፈ። አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ድረስ ሣሩ ውስጥ ከተተ። ቀና ሲል በአፉ አይጥ ይዟል። ሁለት ጊዜ አኘከና ዋጠ። አጠገቡ የነበረው ወንድ ጭላዳ እጁ ላይ የያዘውን ሣር እየበላ ነበር፤ መብላቱን እንኳ አላቋረጠም።

ለምን አልሸሹም?

ያየሁት ነገር ለጓሳ ሰው አዲስ አይደለም። ለሳይንስ ግን ለረዥም ጊዜ እንግዳ ነበር። ሥጋ በል እንስሳ በቀላሉ ሊጥለው የሚችል ግልገል ባለበት መንጋ መሀል እየተመላለሰ ግልገሉን ሳይነካ አይጥ ብቻ ሲያድን ማየት በሌላ አገር እምብዛም አይገኝም።

ጓሳ ላይ ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንዊን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የጭላዳዎችን ኑሮ በቋሚነት ሲከታተሉ ቆይተዋል። ከእነሱ ጋር ይሠራ የነበረው ቪቬክ ቬንካታራማን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቀበሮዎቹ ከመንጋው ጋር ሲሆኑና ብቻቸውን ሲሆኑ ምን ያህል አይጥ እንደሚይዙ አነጻጸረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራው አንዱ ብቻ፣ ማለትም 25 በመቶው፣ ይሳካለታል። በጭላዳ መንጋ መሀል ሲሆን ግን 67 በመቶው ይሳካለታል።

ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው፣ መቶና ሁለት መቶ ጭላዳ ሣሩን ሲነጭና አፈሩን ሲነካካ አይጦቹ ይረበሹና ከጉድጓዳቸው ይወጣሉ። ሁለተኛው፣ አይጧ በዙሪያዋ ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ ስትለምድ የቀበሮውን እግር ከጭላዳው እጅ መለየት ያቅታታል። ለቀበሮው መንጋው መደበቂያም ማደኛም ይሆንለታል ማለት ነው።

ጭላዳዎቹስ ምን ይጠቀማሉ? የሚጠቀሙት ነገር ስለመኖሩ የታወቀ የለም። ግን የሚጎዳቸውም ነገር የለም፤ ጸጥ ብለው መቀመጣቸው ከዚህ የመጣ ነው። ተመራማሪዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ሲነጥቅ አይተዋል። ያን ጊዜ መንጋው ተነሥቶበት ግልገሉን አስጣለው፤ ከዚያም ተመልሶ እንዳይገባ ከለከለው። የቀበሮው ዝግታ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። መንጋው መሀል የሚሮጥ ወይም ዓይኑን ግልገል ላይ የሚጥል ቀበሮ ከዚያ ማደኛ ይባረራል። መታገሡ ዕለት ዕለት ይከፍለዋል።

ከብርድ አገር የመጣ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ተራሮች ሌላ የትም የለም። በቁጥር ደግሞ ከዓለም የውሻ ዘመዶች እጅግ ካነሱት አንዱ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም። የዚህ እንስሳ የቅርብ ዘመዶች ከቆላችን ቀበሮ ይልቅ የአውሮፓና የእስያ ተኩላዎች መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገ የዘር ምርመራ አሳይቷል። የዛሬ 100,000 ዓመት ገደማ፣ ዓለም በበረዶ ዘመን በቀዘቀዘችበት ወቅት፣ ተኩላ መሰል ቅድመ አያቱ ከሰሜን ወርዶ እስከ እኛ ደጋ ድረስ እንደ መጣ ይታመናል። ያን ጊዜ ውርጭ የሚመታው ሣራማ ምድር አሁን ካለው እጅግ የሰፋ ነበር።

ከዚያ ዓለም ሞቀች። ውርጩ ወደ ተራሮቹ ጫፍ ሸሸ፤ ሣሩም ተከተለ፤ ቀበሮውም ሣሩን ተከተለ። ምክንያቱም የሚበላው እዚያ ነው። ከምግቡ አብዛኛው አይጥና ፍልፈል ሲሆን አፍንጫው ቀጭን፣ ጥርሶቹ ትናንሽና የተራራቁ የሆኑትም ለዚህ ነው። እንደ ተኩላ በቡድን ይኖራል፣ ክልሉን በቡድን ይጠብቃል፣ ግልገሎቹን በቡድን ያሳድጋል፤ ለአደን ሲወጣ ግን ብቻውን ነው። አይጥ ለማደን ጓደኛ አያስፈልግም።

ዛሬ የቀረው በተራሮች አናት ላይ ተበጣጥሶ ነው። ከግማሽ በላዩ በባሌ፣ የተቀረው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ ደጋዎችና እዚህ መንዝ ላይ ይገኛል። ጎጃም ውስጥ ከጮቄ ተራራ ጠፍቷል። ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው የሚያሻግር መንገድ የለውም፤ በመካከል ያለው ሁሉ እርሻ፣ መንደርና ሞቃት ሸለቆ ነው። የገብስ እርሻ በየዓመቱ ወደ ላይ ይገፋል። በአገሪቱ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከግማሽ የሚበልጠው ታርሷል። አራሹን መውቀስ አይቻልም፤ ልጆቹ ሲያድጉ የሚያካፍለው መሬት የለውም። ለቀበሮው ግን ከጫፍ በላይ የሚሸሽበት ሌላ ጫፍ የለም።

ውሻው ሲመጣ

ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ሲቀንስ ከበስተታች ከመንደሩ በኩል ውሻ ጮኸ። የእረኛ ውሻ ነው፤ ከበጎቹ ቀድሞ ተዳፋቱን ይወጣል። የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማው ዳር የነበረ ወንድ ጭላዳ ነው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተዳፋቱ ባዶ ሆነ፤ መንጋው እንዳለ በገደሉ አፋፍ ወደ ታች ወርዶ ጠፋ። ቀበሮውም በየት እንደ ሄደ አላየሁም።

ጠባቂው ተነሥተው እረኛውን ተጣሩ። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሰላምታውን ካስቀደሙ በኋላ ውሻውን እንዲይዘውና በዚያኛው ጥግ በኩል እንዲወርድ ነገሩት። ልጁም «እሺ አባባ» ብሎ ውሻውን በአንገቱ ይዞ ተመለሰ። ቁጣ አልነበረም።

«ውሻው መንጋውን ስለበተነ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሱስ ይመለሳሉ። እኔ የምፈራው በሽታውን ነው» አሉኝ።

የሚፈሩት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀይ ቀበሮን ከእርሻ መስፋፋት በፈጠነ ሁኔታ የሚገድለው ይህ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 የገባው ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጀ፤ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ደግሞ ተመልሶ መጣ። በሽታው አንድ ሸለቆ ከገባ ከአራት ቀበሮ እስከ ሦስት ይገድላል። በመካከሉ ከውሻ የሚጋባ ሌላ በሽታ፣ ዲስቴምፐር የሚባለው፣ ታክሎበታል። የሚያሳዝነው በሽታውን የሚያዛምተው የቀበሮው መልካም ጠባይ መሆኑ ነው። ቀበሮዎች አብረው ያድራሉ፣ ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ፣ አዳኙ ከአደን ሲመለስ ለግልገሎች ከሆዱ መልሶ ያጎርሳል። በአንድ ያበደ ውሻ የተነከሰ ቀበሮ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል።

መድኃኒቱ አለ፤ ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በቀበሮው አካባቢ ያሉ የመንደር ውሾችን በየዓመቱ ይከትባል። ይህ ለቀበሮው ብቻ አይደለም፤ የተከተበ ውሻ ያለው መንደር ልጆቹንም ከብቶቹንም ከዚያ አስከፊ ሞት ያድናል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን በአፍ በሚወሰድ ክትባት መከተብ ተጀምሯል። ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ይደረግና ሌሊት በቀበሮው ክልል ይጣልለታል፤ ቀበሮው ሥጋውን ሲነክስ ክትባቱን ያገኛል። በወጥመድ መያዝና በመርፌ መወጋት ስለሌለው እንስሳውን አያስጨንቅም።

እንግዲህ ጠባቂው ለዚያ እረኛ የተናገሯት አጭር ቃል ከዚህ ሁሉ ጋር የተያያዘች ናት። ላቦራቶሪ የሠራው ክትባት ጥቅም የሚሰጠው ውሻውን በአንገቱ ይዞ የሚመለስ ልጅ ሲኖር ነው።

ሣሩን የጠበቀው ሕግ

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማበር በኩል መንዝን አቋርጦ ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙ የታረሰ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ እና የተራቆተ ግጦሽ። ከዚያ መኪናው ጓሳ ሲደርስ እርሻው ድንገት ያበቃል፤ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሣር ይጀምራል። የአፈሩ ዓይነት አልተለወጠም፤ ዝናቡም ያው ነው። የተለወጠው ባለቤትነቱና ሕጉ ነው።

የመንዝ ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት ጓሳን የከለሉት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ናቸው። ወሰኑን የተካፈሉትም በፈረስ ጋልበው ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ተወላጆቻቸው ሣሩን የሚያስተዳድሩበት የቄሮ ሥርዓት ተተከለ። አለቃው አባ ቄራ ይባል ነበር፤ የሚሾመውም በምርጫ ነበር። ጓሳው ሦስትም አምስትም ዓመት ያህል ጭርሱን ይዘጋ ነበር። ሣሩ ደርሶ ሲበስል በበጋ ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ እኩል ይገባ ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ይዘጋ ነበር። በተዘጋው ወቅት ገብቶ የተገኘ ይቀጣ ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገው ለቀበሮው ታስቦ አይደለም። ለሣሩ ነው። የጓሳ ሣር ረዥምና ጠንካራ በመሆኑ የቤት ክዳኑ እሱ ነው። ገመዱ የሚገመደው ከእሱ፣ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ የሚሠራው ከእሱ ነው። በድርቅ ዓመት ደግሞ ቆላውም ደጋውም ሲያልቅበት ከብቱ የሚተርፈው በጓሳ ነው። ከሥሩ የሚመነጨው ውኃ በምዕራብ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሕዝቡ ይህን ያውቅ ነበርና የዛሬውን ለነገ ማቆየትን ሕግ አደረገው። ሣሩ ሲተርፍ አይጡ ተረፈ፤ አይጡ ሲተርፍ ቀበሮው ተረፈ።

ሥርዓቱ የተሰበረበት ጊዜም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለመላው አገር ገበሬ ከጭሰኝነት መውጫ ነበር። እዚህ ግን ከርስቱ ጋር አብሮ የቆመውን የቄሮን ሥልጣን አፈረሰው። ጓሳ ባለቤት የሌለው ሆነ፤ ሁሉም የፈለገውን ያህል ገባ፣ አጨደ፣ አሰማራ፣ ለቀመ። ከዓመታት በኋላ ጉዳቱን ያዩት ራሳቸው ነዋሪዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። ከየቀበሌው ተወካዮች መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፣ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፣ ጠባቂ መደቡ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በሕግ አወቀላቸው። ልዩነቱ፣ በድሮው ሥርዓት መብቱ የሁለቱ አባቶች ተወላጆች ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ግን የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ ድርሻ አለው።

ጠባቂው አያታቸው ጓሳ ሲከፈት ማጭድ ይዘው እንደ ወጡ፣ እሳቸውም ልጅ ሆነው ሣር ተሸክመው እንደ ወረዱ አጫወቱኝ። ባዶ የሆነበትንም ጊዜ ያስታውሳሉ። «ያኔ ጓሳው የሁሉም ነው ተባለ፤ የሁሉም ሲሆን የማንም አልነበረም። አሁን የእኛ ነው» አሉ።

ከመንገድ ወጥቶ ማየት

ብዙ ጊዜ በዱር ያልጠበቅነውን እንስሳ ስናይ «ዕድለኛ ነኝ» እንላለን። ከመንገድ ወጥቼ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መሀል ሲያድን በማየቴ እኔም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ዕድል የሚለው ቃል የሠሩትን ሰዎች ይሸፍናቸዋል። በዚያች ተዳፋት ላይ ሣር የነበረው ሰው ማጭዱን ስለከለከለ ነው፤ ቀበሮው ጤነኛ የነበረው ሰው ውሻውን ስለያዘ ነው። መንገደኛው ሳይጠብቅ ያገኘው ነገር ባለአገሩ ጠብቆ ያቆየው ነው።

የባለአገሩ ዓይን ከሳይንስም ቀድሞ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢኮሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የባሌ ቀበሮዎች የአበባ ወለላ እንደሚልሱ ለዓለም አስታወቀ። አበባው ደጋ ላይ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ላዩ ቀይ ታቹ ቢጫ የሆነ ነው። አንዳንድ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ድረስ ይጎበኛል፤ አፍንጫውም በጽጌ ዱቄት ይሞላል። ይህን ያህል ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ የአበባ ወለላ ሲመገብ ከዚህ በፊት ታይቶ ስለማይታወቅ ዜናው ብዙዎችን አስገርሟል። ከጥናቱ አቅራቢዎች አንዱ፣ ባሌ ላይ ከ30 ዓመት በላይ የሠሩት ክላውዲዮ ሲሌሮ፣ የወለላውን ጣፋጭነት መጀመሪያ ያወቁት የእረኞች ልጆች አበባውን ሲልሱ አይተው መሆኑን ተናግረዋል። ልጆቹ ከጥናቱ በፊት ያውቁት ነበር።

እንግዲህ ተራራ ለመውጣት የሚሄድ ሰው ከዚህ ምን ይያዝ? ከመንገድ መውጣት በራሱ ክልክል ባይሆንም ብቻን መውጣት ግን አይገባም። ጠባቂው ሣሩ የት እንደሚሸከም፣ የት እንደማይሸከም ያውቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀበሮው ጎሬ የት እንዳለ ያውቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቀበሮዎች ግልገል ስለሚወልዱ ወደ ጎሬ የቀረበ ሰው እናቲቱን ግልገሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ሌላ ቦታ እንድትሰደድ ያደርጋታል። ቀበሮ ሲታይ መከተል ሳይሆን መቀመጥ ነው የሚያሳየው፤ እሱ ለሥራው ሲል ይመላለሳልና ትዕግሥት ያለው ሰው ብዙ ያያል። ምግብ መጣል፣ በመኪና ውስጥ እንኳ ቢሆን ውሻ ይዞ መምጣት ፈጽሞ አይገባም። የታመመ ወይም የሞተ ቀበሮ ያገኘ ደግሞ በእጁ ሳይነካ ወዲያውኑ ለጠባቂ ይንገር፤ ወረርሽኝ ቶሎ የሚያዘው የመጀመሪያው ሬሳ በጊዜ ሲታወቅ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው የገንዘብ ነው። በማኅበረሰቡ ሎጅ የሚያድር እንግዳ የሚከፍለው ክፍያና ለጠባቂ የሚሰጠው አበል ጓሳን ለሚጠብቁት ሰዎች ገቢ ነው። ባለፉት ዓመታት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በደረሰው ጦርነትና አለመረጋጋት እንግዳው ሲቀር ያ ገቢ አብሮ ቀርቷል። የጥበቃው ሥራ ግን አልቀረም፤ ሣሩ እንግዳ መጣ አልመጣ ይበቅላል፣ ማጭድ ያማረው ሰውም አይጠፋም። ሰላም ሲሆን መጀመሪያ መሄድ የሚገባን ባለአገሮቹ ማንም ሳያያቸው ወደጠበቋቸው ቦታዎች ነው።

ቀይ ቀበሮ ብሔራዊ ሀብታችን ነው እንላለን፤ በቴምብርም በፖስተርም እናወጣዋለን። የሚኖረው ግን በአንድ ገበሬና በአንድ እረኛ ውሳኔ ነው። ገበሬው ጓሳው ሲዘጋ በሬውን ሌላ ቦታ ያሰማራል፣ የጎጆውን ክዳን ለአንድ ዓመት ያዘገያል፣ ውሻውን ያስከትባል። ይህን ወጪ የሚችለው እሱ ሲሆን የምንኮራው ሁላችን ነን። ኩራታችን እውነት እንዲሆን ከወጪው ድርሻችንን መውሰድ አለብን፤ የውሻ ክትባቱን በመደገፍ፣ የጠባቂውን ደመወዝ ቋሚ በማድረግ፣ ሽማግሌዎቹ ያወጡትን ሕግ በማክበር። መንዞች በመካከል ቢቋረጥም 400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጓሳን ሲጠብቁ ኖረዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ማገዝ ነው።